«አንተ»፣ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ»? ልጆችን ተውላጠ ስም ማስለመጃ መንገዶች

በውጭ አገር የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ እሑድ እሑድ የሚጋብዘኝ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ነበር። አንድ ቀን የሰባት ዓመቱ ልጃቸው አገር ቤት ካሉት ሴት አያቱ ጋር እንዲነጋገር ስልክ ተሰጠው። «አያቴ፣ ደህና ነህ? ምን በላህ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ልጁ ስልኩን ለእናቱ መልሶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ከዚያ ወዲህም ከአገር ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር መሸሽ ጀመረ።

የልጁ ስሕተት ከንቀት የመጣ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ የሚያነጋግሩትን ሰው ወንድም ይሁን ሴት፣ ልጅም ይሁን ሽማግሌ፣ አንድም ይሁን ብዙ «ዩ» በሚል አንድ ቃል ይጠራል። አማርኛ በዚያው ቦታ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎና እናንተ የሚሉ አራት ቃላት አሉት፤ በአንዳንድ አካባቢ «አንቱ»ም ይባላል። ስለዚህ ልጁ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፦ የማነጋግረው አንድ ሰው ነው ወይስ ብዙ? ወንድ ነው ወይስ ሴት? የአክብሮት አጠራር ይገባዋል? በዓረብኛ ወይም በዕብራይስጥ የሚማር ልጅ የጾታውን ጥያቄ ለምዶታል፤ በጀርመንኛ የሚማረው ደግሞ የአክብሮቱን። የሚከብዳቸው ነገር እንደየትምህርት ቋንቋቸው ይለያያል።

ቃሉ ለምን ይከብዳል?

ተውላጠ ስም በስም ምትክ የሚገባ ቃል ነው። ስም ከባለቤቱ አይለይም፤ ተውላጠ ስም ግን ተናጋሪው በተለወጠ ቁጥር ባለቤቱን ይለውጣል። እናት «እኔ» ስትል እናት ናት፤ ልጅ «እኔ» ሲል ልጁ ነው። ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፉ እንዲህ ያሉ ቃላት ሕፃናትን እንደሚያስቸግሩ አስረድቷል። በሁለትና በሦስት ዓመት ዕድሜ ራሳቸውን «አንተ» የሚሉ ሕፃናት መኖራቸውም ለዚህ ነው፤ ሌሎች ሲጠሯቸው የሚሰሙት ይህንኑ ነውና።

በአማርኛ ደግሞ ተውላጠ ስሙ በግሡ ውስጥ ይገባል። ያ ልጅ በስልክ «አንተ» አላለም፤ የሳተው «በላህ» ውስጥ ባለችው «ህ» ነው። ስለዚህ ተውላጠ ስሞችን ብቻ በቃል ማስጠናት አይበቃም፤ ከግሥና ከስም ጋር አብረው ይሰጡ።

ለወንድ፦ አንተ መጣህ፤ ና፤ ቤትህ።
ለሴት፦ አንቺ መጣሽ፤ ነይ፤ ቤትሽ።
ለአክብሮት፦ እርስዎ መጡ፤ ይምጡ፤ ቤትዎ።
ለብዙ፦ እናንተ መጣችሁ፤ ኑ፤ ቤታችሁ።

ለልጁ የምትጠቅም አንዲት ፍንጭ አለች። «እነሱ መጡ»፣ «እሳቸው መጡ»፣ «እርስዎ መጡ» ስንል ግሡ አንድ ነው። አማርኛ አንድን ሰው ሲያከብር እንደ ብዙ ይቆጥረዋል ብላችሁ ንገሩት።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ዳቦ እያቀባበላችሁ ተጫወቱ። የያዘችው ልጅ «እኔ ዳቦ ይዣለሁ» ትበል፤ ፊት ለፊቷ ያለው «አንቺ ዳቦ ይዘሻል»፣ ሦስተኛው «እሷ ዳቦ ይዛለች» ይበል። ዳቦው እጅ ሲለውጥ ሁሉም ንግግሩን ይለውጥ።

ሁለተኛ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፎችን ዘርግታችሁ ልጁ እያንዳንዱን ሰው ለምሳ ይጥራ፤ ታናሽ እህቱን «ነይ»፣ ወንድሙን «ና»፣ አያቱን «ይምጡ»። አያትን «አንቺ» የሚሉ ቤተሰቦችም አሉና ወላጆች አስቀድመው በቤታቸው ልማድ ይስማሙ።

ሦስተኛ፣ አሻሚ ዓረፍተ ነገር ስጡት። «ሣራ ማርታን ጠራቻት። ከዚያ ሄደች።» የሄደችው ማን ናት? ልጁ ሲጠራጠር ስሙን መድገም መቼ እንደሚያስፈልግ ይገባዋል።

አራተኛ፣ ሲሳሳት አትሳቁ፤ ትክክለኛውን አቀብሉት። «አያቴ፣ ምን በላህ?» ካለ፣ «‹አያቴ፣ ምን በሉ?› በላቸው» ብላችሁ ንግግሩ እንዲቀጥል አድርጉ።

በምህንድስና ትምህርት ቤት እንደተማርኩት፣ ስሕተት መጠገን ያለበትን ቦታ ያመለክታል። «በላህ» ያለውን ልጅ «በሉ» ማሰኘት የጥቂት ሳምንታት ልምምድ ነው። አፍሮ ዝም ያለውን ልጅ እንደገና ወደ ስልኩ መመለስ ግን ከዚያ እጅግ ይከብዳል።