የባሕር ኮላጅን ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ደሴ ፒያሳ ሱቅ ውስጥም ይሁን ኮምቦልቻ ተቀምጠው በቴሌግራም፣ «ከባሕር የተገኘ፣ መጨማደድ የሚያጠፋ» የተባለ የኮላጅን ክሬም ወይም ዱቄት ቀርቦልዎት ይሆናል። ጥሬ ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ ፋብሪካ የሚጥለው ቆዳ፣ ቅርፊትና አጥንት ነው። ተረፈ ምርት መሆኑ ነውር የለውም፤ ዋጋውን ግን ይጠይቁበት።

• የሚቀባ ነው? የኮላጅን ሞለኪውል 300,000 ዳልተን ገደማ ይመዝናል፤ ቆዳ በቀላሉ የሚያሳልፈው ከ500 በታች የሆነውን ነው። ስለዚህ ላይ ላዩን ያለሰልሳል፤ ለዚያ ቫዝሊንም ይበቃል። «ከውስጥ ይሞላል» ካሉዎት፣ በየት ገብቶ?

• የሚጠጣ ነው? አንዱ ዕቃ ስንት ቀን ይቆያል? ለውጥ ያመጣል የሚሉት ለሁለትና ለሦስት ወር በየቀኑ ሲወሰድ ነውና ዋጋውን በዚያ ያባዙት። በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመ የ23 ሙከራዎች ግምገማ፣ አምራቾች ገንዘብ ያላወጡባቸው ሙከራዎች ላይ ጥቅም አላገኘም። ይህን ሻጭ አይነግርዎትም።

• ከምን እንስሳ? ፊት ለፊት «ማሪን» ተብሎ፣ ካፕሱሉ ከከብት ወይም ከአሳማ ጄላቲን ሊሠራ ይችላል። ሐላል የሚጠብቁ ከሆነ ጀርባውን ያንብቡ። ኪቶሳን የሚል ካዩ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው፤ አለርጂ ካለብዎ ይተዉት።

• የማብቂያ ቀኑ በማን አቆጣጠር ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። 2018 ዓ.ም. ላይ ሆነው «2025» ሲያነቡ ገና ሰባት ዓመት የቀረው ይመስላል፤ በፈረንጆቹ ግን አልፎበት ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ የከረመ ክሬም ደግሞ ቀኑ ሳይደርስም ይበላሻል።

• በሳምንት ፊት አፈካ? ይፍሩት። ክሎቤታሶል የተባለው ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ የተደባለቀበት ሊሆን ይችላል። ስቴሮይድ ያለበትን ሲያቆሙት ፊት ይቀላል፣ ቡግር ያወጣል። ስያሜ በሌለው ብልቃጥ የተገለበጠ ከሆነ በነፃም አይቀበሉ።

• «ሳልሞን ዲኤንኤ» የተባለ የቆዳ መርፌ ቀረበልዎት? የሚወጋዎት ሐኪም ነው ወይስ ፀጉር ሠሪዋ?

• ተመዝግቧል? የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን በነፃ መስመር 8482 ይጠይቁ።

• ሰንስክሪን አለዎት? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቆዳ የሚያስረጀው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ገንዘብዎ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ፣ ኤስፒኤፍ 30 ሰንስክሪን ይግዙ።

• የሐይቅን ቆሮሶ ዓሣ ቆዳ ቀቅለው ለመቀባት አስበዋል? ብራዚል ውስጥ ሐኪሞች የቆሮሶን ቆዳ ለቃጠሎ ቁስል ይጠቀሙበታል፤ ግን ጀርሙ ሁሉ በልዩ ዝግጅት ከተገደለ በኋላ ነው። እርስዎ ዓሣውን ጠብሰው ይብሉት።