የበጓ ክትባት ተገኘ፣ የእኛስ?

የዛሬው የጤና አምዳችን ስለ ሆድ ትል ነው። ፊታችሁን አታጨማዱ፤ ነገሩ ቢያስጠላም ያስገርማል።

የትል ኪኒን ሲታደል ከምላሳቸው ስር ደብቀው ውጪ የሚተፉ ልጆች አሉ። ሌሎች ደግሞ "ለኩፍኝ በልጅነታችን ተከተብን፣ አለቀ። ለትል ለምንድን ነው በየጊዜው የምንውጠው?" ይላሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው።

ኪኒኑ እኮ ክትባት አይደለም! አልቤንዳዞል ዛሬ ሆዳችን ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ የሚገባውን አያግድም። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ክረምት ላይ የመርካቶ ቱቦ ሞልቶ መንገድ ላይ ይፈሳል፤ በጋ ሲሆን ጭቃው አቧራ ይሆናል። እዚያው ላይ ኳስ ተጫውተን እጃችንን ሳንታጠብ ቆሎ እንበላለን። በሀገራችን የትምህርት ቤት የትል መድኃኒት እደላ በ2008 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ክትባቱ ለምን ጠፋ? የኩፍኝ ቫይረስ በጣም ትንሽ ነው፤ ያሉት ጂኖች 6 ብቻ ናቸው። ትል ግን በሺህ የሚቆጠሩ ጂኖች አሉት። ደግሞ ተንኮለኛ ነው። የወስፋት እጭ አንጀት ውስጥ ተፈልፍሎ በደም ወደ ጉበት፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ይሄዳል። በጉሮሮ በኩል ወጥቶ ስንውጠው ተመልሶ አንጀት ይገባል። በየደረጃው መልኩን ስለሚቀይር ትናንት ያወቁት የሰውነታችን ወታደሮች ዛሬ አያውቁትም።

በጎች ግን ቀድመውናል! ሄሞንከስ የሚባል ትል በበግ ጨጓራ ውስጥ ተጣብቆ ደም ይመጣል፤ በጓ ትከሳለች፣ ከአገጯ ስር ታብጣለች፣ ትሞታለችም። ሳይንቲስቶች ምን አደረጉ መሰላችሁ? ከትሉ አንጀት ፕሮቲን ወስደው ክትባት ሠሩ። የተከተበችው በግ ደሟ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላት ይመረታሉ። ትሉ ደሟን ሲጠጣ እነሱንም አብሮ ይጠጣል፤ የገዛ አንጀቱ ይበላሻል። ክትባቱ ባርበርቫክስ ይባላል፣ በ2014 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። ችግሩ በጓ ደጋግማ መወጋት አለባት።

በባዶ እግር በኩል የሚገባው የመንጠቆ ትልም ደም መጣጭ ስለሆነ ለሰው በዚሁ ዘዴ ክትባት እየተሞከረ ነው። እስካሁን ግን ለሰው የተፈቀደ የትል ክትባት አንድም የለም።

ክትባት በሌለበት ሌላ መንገድ የፈለገ የሀገራችን ሰው አለ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ውሃው ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። የገደላቸው እንዶዱ ነበር። የቢልሃርዚያ ትል ደግሞ መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ካላደገ ሰው ውስጥ መግባት አይችልም።