የያዙትን ሳይለቁ ሌላ ሥራ መፈለግ፣ ሂሳቡ እንዴት ነው?

ዕውቀትም እንደ ጤፍና እንደ ሲሚንቶ ሁሉ ገበያ አለው። ልዩነቱ፣ ዕውቀቱን የሚሸጥ ሰው ራሱን ለአዲስ ገዢ በሚያሳይበት ሰዓት የቀድሞው ገዢም በሥራ ገበታው ላይ የሚጠብቀው መሆኑ ነው። ይህ ችግር ከሁሉ ይበልጥ የሚጸናው በአማካሪ ድርጅት ባለሙያዎች ላይ ነው።

ለአብነት ያህል በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እየኖረ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ የአማካሪ ድርጅት የሚሠራ የሂሳብ ባለሙያ ይታሰብ። ይህ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ቢሮ ለመድረስ ከቤቱ የሚወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ማታም የደንበኛ ሪፖርት ካልተጠናቀቀ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቀዋል። አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ለ4 ሰዓት ቃለ መጠይቅ ቢጠራው ግማሽ ቀኑ ሄደ ማለት ነው። የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅና የደመወዝ ድርድር ሲደመሩ፣ ለአንድ ቦታ ብቻ ሦስት ግማሽ ቀን ይጠፋል።

ዋናው ካፒታል ፈቃድ ነው

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ሆኖም ፈቃዱ የሚሰጠው አሠሪው በሚያወጣው ፕሮግራም ስለሆነ፣ ቀኑን እየቆነጠሩ መውሰድ በስምምነት እንጂ በመብት የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው ቀኑን እንደ ጥሬ ገንዘብ ቆጥቦ፣ የሚያዋጣውን ጥሪ ብቻ መርጦ መሄድ ይኖርበታል። ደመወዙንና የሥራውን ዓይነት አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ ነውር የለውም። ቃለ መጠይቁ ጠዋት መጀመሪያ ላይ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ እንዲሆንለት ቢጠይቅም አብዛኛው ቀጣሪ ቅር አይለውም።

ወቅትም ይመረጣል። ከሰኔ 30 የበጀት መዝጊያ እስከ ጥቅምት ድረስ የሂሳብና የግብር ሥራ የሚበረታበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ደጋግሞ የጠፋ ባለሙያ ወዲያው ይታወቃል። «አሞኝ ነው» የሚለው ምክንያትም የሐኪም ማስረጃ ከሌለው መዘዝ አለው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ የቀረ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል።

ጭማሪው ስንት ነው?

ብር 30,000 የሚያገኝ ሰው 35,000 ቢቀርብለት ጭማሪው 5,000 ይመስላል። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከ14,000 ብር በላይ ባለው የወር ደመወዝ ላይ 35 በመቶ ግብር ስለሚከፈል 1,750 ብር ይቀነሳል። 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ደግሞ 350 ብር ነው። እጅ የሚገባው 2,900 ብር ብቻ ይሆናል። አዲሱ ቢሮ ከኮዬ ፈጬ ሁለት ታክሲ የሚያስጨምር ከሆነ ከዚያም ላይ ይነሳል።

የአገልግሎት ዘመንም መቆጠር አለበት። በሥልጠና ምክንያት የገባው የማገልገል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ አምስት ዓመት አገልግሎ በፈቃዱ ሲለቅ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ታስቦ፣ አምስት ዓመት ሲሞላ የ70 ቀን ደመወዝ ያህል ነው። አራት ዓመት ከአሥር ወር የሠራ ሰው ሁለት ወር ቢታገሥ አያጣም።

የቆጡን ለማውረድ

ከባዱ አደጋ ያለው ከቃለ መጠይቁ በኋላ ነው። «አልፈሃል፣ ሰኞ ጀምር» የሚል የስልክ ቃል ውል አይደለም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ይህን ሳያደርግ ቢወጣ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። በአዲሱ ቦታ ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይጠብቀዋል። በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ ካልሆነ ያለማስጠንቀቂያና ያለሥራ ስንብት ክፍያ ይሰናበታል። እንግዲህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ላለመሆን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አስቀድሞ የተፈረመ ውል፣ ቀጥሎ የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ ከዚያም ሥራን በአግባቡ ማስረከብ። የሦስት ወር ወጪ በባንክ ቢኖር ደግሞ መልካም ነው።

የአማካሪ ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻዋል። ችሎታውን ለማሳየት ብሎ የደንበኛን ሂሳብ በቃለ መጠይቅ ላይ የሚዘረዝር ሰው፣ የነገውንም ምስጢር እንደማይጠብቅ ለቀጣሪው እየነገረው ነው። ከሥራው ደንበኛ ዘንድ ሥራ ከመጠየቁ በፊትም የቅጥር ውሉን ገልጦ ማየት ይኖርበታል።

አሠሪዎችም ከዚህ የሚማሩት አለ። ጎበዝ ሠራተኛ ግማሽ ቀን እየለመነ መውጣት ከጀመረ፣ ከመቆጣት ይልቅ ደመወዙን ከገበያው ዋጋ ጋር ማስተያየት ይሻላል። የለቀቀውን ሰው ፋይሎች ለአዲስ ሰው አስተምሮ እስኪያስረክቡ ድረስ የሚባክነው ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ከተከለከለው ጭማሪ ይበልጣል።