ስለ ድረ ገጽ ንድፍ የሚነገሩ አምስት የተሳሳቱ ግንዛቤዎች፦ ከወልድያና ከመርሳ ተጠቃሚ አንጻር

እንደሚታወቀው ድረ ገጽ የተወለደው በፊዚክስ ምርምር ቤት ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው የኮምፒዩተር ባለሙያ ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሴርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች ሰነድ የሚለዋወጡበትን ዘዴ በ1989 እ.ኤ.አ. አቀረበ። የመጀመሪያው ድረ ገጽ በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲከፈት ጽሑፍና ማያያዣ እንጂ ጌጥ አልነበረውም። ሆኖም ፈላጊው የሚፈልገውን ሰነድ ያገኝበት ነበር።

ዛሬ «የተጠቃሚ ተሞክሮ ንድፍ» የሚባለው የሙያ ዘርፍ የሚያጠናው ይህንኑ ነው። ሰውየው የመጣበትን ጉዳይ ይፈጽማል ወይስ አይፈጽምም? በምን ያህል ጊዜ? በምን ያህል ስሕተት? በምን ያህል ድካም? እነዚህ ጥያቄዎች የሚለኩ ስለሆኑ የሳይንስ ጥያቄዎች ናቸው።

ጉዳዩ ለአካባቢያችንም ሩቅ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በድረ ገጽ ይታያል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የተወሰኑ ተማሪዎች ፈተናውን ራሱን በኮምፒዩተር ወስደዋል። እንግዲህ በሀብሩ ወረዳ ለሚኖር ተማሪ የአንድ ገጽ አሠራር የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዕድል ጉዳይም ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ በተማሪዎችም በባለሙያዎችም ዘንድ የተለመዱ አምስት የተሳሳቱ ግንዛቤዎችን በቅደም ተከተል እንመረምራለን።

1. «ንድፍ ማለት ማሳመር ነው»

የገጹ ቀለምና ሥዕል የንድፍ አንድ ክፍል ናቸው፤ ንድፉ ግን እነርሱ ብቻ አይደሉም። የፈተና ውጤት የሚታይባቸውን መንገዶች እናነጻጽር። ከድረ ገጹ ሌላ ውጤት በአጭር የስልክ መልእክትም ይላካል። አጭር መልእክት ሥዕልም ቀለምም የለውም፤ መያዝ የሚችለው 140 ባይት ብቻ ነው። ይህም ለላቲን ፊደል 160፣ ለግእዝ ፊደል ደግሞ 70 ሆሄያት ማለት ነው። ነገር ግን በተራ ስልክ ይሠራል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ከመርሳ ርቆ በገጠር ቀበሌ ለሚኖርና ዘመናዊ ስልክ ለሌለው ተማሪ ከሁሉ የተሻለው ንድፍ ይህ ጌጥ የሌለው መልእክት ሊሆን ይችላል።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም በዘመናዊ ስልክ መተግበሪያ ብቻ ሳይወሰን *127# በመደወል እንዲሠራ መደረጉ የዚሁ አስተሳሰብ ምሳሌ ነው።

2. «ገጹ የሚዘገየው ኔትዎርኩ ደካማ ስለሆነ ብቻ ነው»

ኔትዎርክ የራሱ ድርሻ እንዳለው አይካድም። ይሁን እንጂ የመጠበቂያው ጊዜ በግምት የገጹ ክብደት ለኔትዎርኩ ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። አካፋዩ በነዳፊው እጅ ባይሆንም ተካፋዩ በእጁ ነው።

ስሌቱን እንሥራ። ትልልቅ ፎቶግራፎች የተጫኑበት አንድ ገጽ 3 ሜጋባይት ይመዝናል እንበል። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህ 24 ሜጋቢት ነው። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር በ5 ሴኮንድ ገደማ ይከፈታል፤ በሴኮንድ 200 ኪሎቢት ብቻ በሚያስተላልፍ ደካማ የሞባይል መስመር ግን 120 ሴኮንድ፣ ማለትም 2 ደቂቃ ይፈጃል። ያው መረጃ በ150 ኪሎባይት ቢቀርብ በደካማው መስመር የሚፈጀው 6 ሴኮንድ ብቻ ይሆናል። የዴንማርክ ተወላጁ ያኮብ ኒልሰን በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስገነዘበው፣ ተጠቃሚው ሐሳቡ ሳይቋረጥ የሚጠብቀው እስከ 1 ሴኮንድ ሲሆን፣ ትኩረቱን በገጹ ላይ የሚያቆየው ደግሞ እስከ 10 ሴኮንድ ገደማ ነው። በእኛ ምሳሌ 6 ሴኮንድ ከዚህ ወሰን በታች፣ 120 ሴኮንድ ግን እጅግ በላይ ነው።

ሌላም የተፈጥሮ ሕግ አለ። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ የሚጓዘው በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው። አገልጋዩ ኮምፒዩተር በአውሮፓ ቢሆንና የገመዱ ርዝመት 8,000 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ አንድ ምልልስ 0.08 ሴኮንድ ይፈጃል። የመጀመሪያዋ ፊደል ከመታየቷ በፊት 3 ወይም 4 ምልልስ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ወደ 0.3 ሴኮንድ የሚጠጋው ጊዜ የብርሃን ጉዞ ብቻ ነው። ይህን ማንም ነዳፊ ሊያስቀረው አይችልም፤ ምልልሱን ማብዛትና መቀነስ ግን ይችላል።

3. «አማርኛ ገጹን ያከብደዋል፤ ደግሞም መተርጎም ብቻ በቂ ነው»

ይህ ግንዛቤ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በቁጥር ይፈርሳል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በድረ ገጾች በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል። የላቲን ፊደል 1 ባይት ስለሚወስድ አማርኛ ከባድ ይመስላል። ይሁን እንጂ 300 ኪሎባይት የሚመዝን አንድ ፎቶግራፍ በክብደት ከ100,000 የግእዝ ሆሄያት ጋር እኩል ነው። ገጹን የሚያከብደው ሥዕሉ እንጂ ፊደሉ አይደለም።

ሁለተኛው ክፍል የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ቃላቱ በትክክል ተተርጉመው ሳለ ገጹ ለኢትዮጵያዊ የማይመች ሊሆን ይችላል። የወረዳችንን ስም እንውሰድ። አንዱ ሰው «ሀብሩ»፣ ሌላው «ሐብሩ» ብሎ ይጽፋል። ለአንባቢው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሀ ቁጥር 4608፣ ሐ ቁጥር 4624፣ ኀ ደግሞ ቁጥር 4736 ነው። የፍለጋ ሥርዓቱ ሞክሼ ሆሄያትን አንድ አድርጎ እንዲቆጥር ካልተሠራ፣ ስሙ በመዝገብ ውስጥ እያለ «አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣል። «ወልድያ» እና «ወልዲያ» የሚሉት አጻጻፎችም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላሉ።

የዘመን አቆጣጠራችንም እንዲሁ ነው። 12 ወራት ብቻ የሚዘረዝር ቅጽ በጳጉሜን ለተወለደ ሰው ቦታ የለውም። የትኛው አቆጣጠር እንደሚፈለግ በግልጽ ካልተጻፈም የልደት ዘመኑ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዛባል። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን፣ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ለሚጠቀም ሰው ምን መሙላት እንዳለበት አይነግረውም። «በ2 ሰዓት ይቅረቡ» የሚል ማስታወቂያ በኢትዮጵያ ሰዓት ይሁን በውጭው ካልተገለጸ የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጥራል። የፈተና ቀጠሮ ላለው ተማሪ 6 ሰዓት ማለት ፈተናው ሊያመልጠው ይችላል ማለት ነው።

4. «ማንኛውም ነገር በሦስት ንኪ ውስጥ መገኘት አለበት»

ይህ አባባል በብዙ የሥልጠና ጽሑፎች እንደ ሕግ ይጠቀሳል። ሆኖም ጆሹዋ ፖርተር በ2003 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ጥናት፣ ተጠቃሚዎች ፍለጋቸውን መተዋቸውም ሆነ ቅር መሰኘታቸው ከንኪው ብዛት ጋር እንደማይያያዝ አሳይቷል። ወሳኙ ነገር እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ግቡ እንደሚያቀርብ ግልጽ መሆኑ ነው። ከወልድያ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው መርሳንና ውርጌሳን ሲያልፍ መንገዱ ትክክል መሆኑን ያውቃልና አይጨነቅም፤ የሚያስጨንቀው ምልክት የሌለው መታጠፊያ ነው።

ከንኪው ብዛት ይልቅ የሚነካው ቁልፍ መጠን ትኩረት ይሻል። አሜሪካዊው ፖል ፊትስ በ1954 እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጠው፣ አንድን ዒላማ ለመንካት የሚፈጀው ጊዜ በርቀቱና በስፋቱ ጥምርታ ሎጋሪዝም መጠን ያድጋል። በቀላል አነጋገር ቁልፉ ከጠበበና ከራቀ ጊዜው ይረዝማል። የዛሬው የንድፍ ልማድ የሚመክረው ስፋት ለጣት በግምት 9 ሚሊ ሜትር ነው። በትንሽ ስልክ ላይ «ላክ» እና «ሰርዝ» የሚሉት ቁልፎች ተጠጋግተው ቢቀመጡ የሚከተለውን መገመት አያዳግትም።

5. «እኔ ከተጠቀምኩበት ሌላውም ይጠቀምበታል»

ነዳፊው የሠራውን ገጽ በልቡ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ለፍተሻ የመጨረሻው ተስማሚ ሰው እርሱ ነው። በሌላ ወገን፣ ፍተሻ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ይጠይቃል ብሎ ሥራውን መተውም ስሕተት ነው። ኒልሰንና ላንዳወር በ1993 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት አንድ ፈታኝ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶውን ያገኛል። በዚህ መሠረት አንድ ችግር ከ5 ሰዎች ሁሉ የማምለጥ ዕድሉ 0.69 በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው 0.16 ነው። እንግዲህ 5 ሰዎች 84 በመቶ ያህሉን ችግር ያጋልጣሉ።

ነገር ግን ይህንንም በጭፍን መቀበል አይገባም። ችግሩ ስውር ሆኖ አንድ ሰው የማግኘት ዕድሉ 10 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ 5 ሰዎች የሚደርሱበት 41 በመቶውን ብቻ ነው። በተጨማሪም አምስቱ ሁሉ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ከሆኑ የገበሬው ችግር አይታይም። በሀብሩ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚያወጣውን ዓይነት የማሽላ ዘር መረጃ ለአርሶ አደር በድረ ገጽ ለማቅረብ የሚያስብ ሰው፣ ከፈታኞቹ መካከል አርሶ አደርና የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሊኖሩ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከአምስቱ ነጥቦች አንድ የጋራ ሐሳብ እናገኛለን፤ ንድፍ በግምት ሳይሆን በመለካት ይሻሻላል። አካባቢያችን ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሳቢያ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ለብዙ ወራት ከኢንተርኔት መቋረጥ ጋር ኖሯል። እንዲህ ባለ ቦታ ቀላል ሆኖ የሚከፈት፣ መስመር ሲቋረጥ የተሞላውን ቅጽ የማያጠፋ፣ ከአጭር መልእክትም ጋር የሚሠራ አገልግሎት ትርፍ ነገር አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ ትምህርቱን በተግባር ለማየት የሚከተለውን ይሞክሩ። አንድ ሰው በሚያዘወትሩት ድረ ገጽ ላይ ቀድሞ የማያውቀውን አንድ ጉዳይ እንዲፈጽም ይጠይቁ። እርስዎ ምንም ሳይረዱ ጊዜውን ይመዝግቡ፤ የቆመበትንና የተሳሳተበትን ቦታ ይጻፉ። በ5 የተለያዩ ሰዎች ይድገሙት። በውጤቱ ላይ አምስቱም የቆሙበት ቦታ ከተገኘ፣ መታረም ያለበት ገጹ እንጂ ሰዎቹ አይደሉም።