የወላጅ የደም ቆጠራ ውጤት ሲዛባ፦ በወረርሽኝ ጊዜ መንስኤውን እንዴት እንከታተል?

የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ አንድ ምክር በየቤቱ ሥር ሰድዶ ነበር፦ አረጋውያንን ከሰው ብዛት ጠብቁ። ምክሩ ትክክል ነው። ሆኖም ጥበቃው ከልኩ አልፎ ምርመራ የሚያስፈልጋቸውን እናቶችና አባቶች ከጤና ተቋም ደጃፍ ጭምር ሲያርቅ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ይህ ትምህርት የሚመለከተው ከእነዚህ ችግሮች አንዱን፣ ማለትም በአረጋዊ ወላጅ የደም ቆጠራ ላይ የታየ መዛባትን ነው።

በሐዋሳ ከተማ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ የ68 ዓመት እናትን በምሳሌነት እንውሰድ። ለሁለት ወራት ያህል ጥቂት ሲራመዱ ትንፋሻቸው ያጥራል፣ ልባቸው ይመታል፣ ጆሯቸው ውስጥ ድምፅ ይሰማቸዋል። ቤተሰቡ በመጀመሪያ የጠረጠረው ኮሮናን ነበር፤ ምርመራው ግን ከቫይረሱ ነፃ መሆናቸውን አሳየ። በዚያው ዕለት የተወሰደው የደም ቆጠራ፣ በላቦራቶሪ አጠራር ሲቢሲ፣ የሚከተለውን ውጤት ይዞ መጣ፦ ሄሞግሎቢን 7.8፣ የቀይ ደም ሕዋስ መጠን 68፣ ነጭ የደም ሕዋስ 5,200፣ ፕሌትሌት 520,000። ልጃቸው ከቁጥሮቹ አጠገብ የታተሙትን «ኤል» እና «ኤች» የሚሉ ምልክቶች አይቶ ደነገጠ። ጎረቤት «የደም ካንሰር ይሆን?» አለ፤ አጎት «እርጅና ነው፣ ቀይ ሥር ጭመቁላቸው» አሉ። ሁለቱም አልተሳካላቸውም።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሆኖ ኦክስጅንን የሚሸከም ንጥረ ነገር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ12 ግራም በታች የሆነባት ሴትና ከ13 ግራም በታች የሆነበት ወንድ ደም ማነስ አለባቸው ይባላል። መለኪያው የተወጠነው ግን በባሕር ጠለል ደረጃ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ያመርታል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በወሰኑ ላይ ቢያንስ ግማሽ ግራም ያህል መታከል ይኖርበታል። ስለዚህ 12.2 የሆነባቸው የከተማችን እናት «ጤነኛ ነዎት» ተብለው ቢሸኙም ጥያቄው ገና አልተዘጋም።

ደም ማነስ የደም ግፊት ማነስ አይደለም። በከተማችን ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ «ደሜ አነሰ» ያሉ አረጋዊ ግፊታቸው ብቻ ተለክቶ፣ ጨው ያለበት ሾርባ እንዲጠጡ ተመክረው ይመለሳሉ። ግፊት የሚለካው በክንድ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ሲሆን ደም ማነስ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ነው።

የቀይ ደም ሕዋስ መጠን የመንስኤውን አቅጣጫ ጠቋሚ ነው፤ የተለመደው ከ80 እስከ 100 ነው። ከዚህ ማነሱ በአመዛኙ የብረት እጥረትን፣ መብለጡ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ቢ12 ወይም የፎሌት እጥረትን ያመለክታል። በምሳሌያችን ሕዋሶቹ አንሰዋል፤ ፕሌትሌትም ከመደበኛው ጣሪያ ከ450,000 አልፏል። የብረት እጥረት ፕሌትሌትን ከፍ ማድረጉ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሁለት የተዛቡ ቁጥሮች የግድ ሁለት በሽታዎች ማለት አይደሉም። ነጭ የደም ሕዋስ ከ4,000 እስከ 11,000 ባለው ክልል ውስጥ ስለሆነ የጎረቤት ፍርሃት በዚህ ወረቀት ላይ ድጋፍ አላገኘም።

ደሙ በየት ሄደ?

የወር አበባዋ ባልተቋረጠ ሴት ላይ የብረት እጥረት መነሻው ብዙውን ጊዜ ግልጽ ነው። በ68 ዓመት እናት ወይም በማንኛውም ዕድሜ ባለ አባት ላይ ግን የብረት እጥረት ሲገኝ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ደም በሆድ ዕቃ በኩል ቀስ በቀስ እየፈሰሰ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። በቀን ጥቂት ጠብታ የሚፈስ ደም ለዓይን አይታይም፤ በወራት ውስጥ ግን የሰውነትን የብረት ክምችት ያሟጥጣል። የጨጓራ ቁስለት፣ የአንጀት ዕጢና የመንጠቆ ትል ከዋነኞቹ ምንጮች ናቸው።

በከተማችን በተለይ ልንጠይቅበት የሚገባው ነገር የጉልበትና የወገብ ሕመም ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ማዘዣ በቀላሉ ይገኛሉ፤ ለወራት ሲወሰዱ የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላሉ። አስፕሪንም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል፤ ለልብ የታዘዘ ከሆነ ግን ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አይገባም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አባት «ምንም መድኃኒት አልወስድም» ይሉ ነበር፤ በኮታቸው ኪስ ውስጥ የተገኘው ግማሽ ያለቀ የዳይክሎፌናክ ሽፋን ነው እውነቱን የነገረን። ለአረጋውያን የማስታገሻ ክኒን መድኃኒት አይባልም፤ «ያቺ የጉልበቷ» ትባላለች። ስለዚህ ሲጠይቁ በዚያው ስሟ ይጠይቁ።

የሰገራ ቀለም መጥቆር፣ እንደ ሬንጅ መጣበቅና ጠንካራ ሽታ ማምጣት ከላይኛው የሆድ ዕቃ ደም ለመፍሰሱ ምልክት ነው። ይህን ወላጅን መጠየቅ ያሳፍራል፤ ወላጅም መመለስ ያፍራሉ። በጾታ የሚመሳሰላቸው ልጅ ወይም የቅርብ ዘመድ ብቻቸውን ይዞ ቢጠይቃቸው መልሱ ይገኛል። የብረት ክኒን ራሱ ሰገራን እንደሚያጠቁር፣ ቀይ ሥርም እንደሚያቀላ ስለሚታወቅ ጥያቄው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ስለነበረው ሁኔታ ይሁን። በሰገራ ውስጥ የተሰወረ ደምን የሚፈልግ ምርመራ አለ፤ ውጤቱ «የለም» ቢልም ደሙ የሚፈሰው በየቀኑ ስላልሆነ ጉዳዩን አይዘጋውም። ጨጓራና አንጀት በካሜራ የሚታዩባቸው ኢንዶስኮፒና ኮሎኖስኮፒ ይበልጥ አስተማማኝ ናቸው።

የብረት ክኒን ተሰጥቶ፣ ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ፣ ቤተሰብም ተደስቶ ምንጩ ሳይፈለግ መቅረቱ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። የአንጀት ዕጢ በዚህ መካከል በጸጥታ ለማደግ ጊዜ ያገኛል።

ምግብ፣ ጾምና ቢ12

ቀይ ሥር ቀለሙ ደም ቢመስልም ብረቱ ጥቂት ነው። ጉበት፣ ቀይ ሥጋ፣ ምስርና ጎመን ይሻላሉ። ቡና ወይም ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረት ስርገትን ስለሚቀንስ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ማራቁ ይመከራል፤ ቡናን ከእናት ቤት ማስቀረት ግን የማይቻል ነገር ስለሆነ አንሞክረውም።

ቫይታሚን ቢ12 በእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ በዕፅዋት ውስጥ አይገኝም። ቆጮና ሽሮ የዕለት ምግባቸው የሆነ፣ አጽዋማትን ሁሉ የሚጾሙ፣ በተጨማሪም ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ወይም ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለዓመታት የወሰዱ አረጋዊ ለእጥረቱ ይጋለጣሉ። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው እጥረቱ የሚገለጠው ዘግይቶ ነው፤ የእግር መደንዘዝ፣ ሲራመዱ መንገዳገድና የመርሳት ችግር አብረው ሊመጡ ይችላሉ። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ፎሊክ አሲድ ብቻውን ቢሰጥ የደሙ ቁጥር ይሻሻላል፤ የነርቭ ጉዳቱ ግን ይቀጥላል።

የኩላሊት ድካምም ይታሰብ። ኩላሊት ቀይ ደም እንዲመረት የሚያዝዘውን ሆርሞን ያመነጫል። ለብዙ ዓመታት የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም የነበረባቸው ወላጅ ሕዋሶቻቸው በመጠን ሳይዛቡ ሄሞግሎቢናቸው ከወረደ የክሬአቲኒን ምርመራ አስፈላጊ ነው። የሳንባ ነቀርሳና የመገጣጠሚያ ብግነትም ተመሳሳይ መልክ ያለው ደም ማነስ ያመጣሉ። የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን በብግነት ጊዜ ከፍ ስለሚል፣ ከኮሮና ገና ባገገመ ሰው ላይ «መደበኛ» ሆኖ መገኘቱ እጥረት የለም አያሰኝም።

ነጭ የደም ሕዋስና ኮሮና

ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ ሕዋሳት በኮሮና ሕሙማን ላይ ብዙ ጊዜ ይቀንሳሉ። ይህ ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም፤ በሌሎች የቫይረስ ሕመሞችም ይታያል። ሰው ካገገመ ከሳምንታት በኋላ ቆጠራው ይደገም፤ ካልተመለሰ ሌላ መንስኤ ይፈለግ። ዴክሳሜታዞን የወሰደ ሰው ደግሞ ነጭ ሕዋሱ ከፍ ሊል ይችላል። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው ጽኑ ሕሙማን ሆኖ ሳለ ቤት ውስጥ ለጉንፋን የሚውጡት አሉ፤ በስኳር ሕመምተኛ ላይ አደጋው ከባድ ነው።

ነጭ ሕዋስ በአሥር ሺዎች ሲቆጠር፣ ግራ ጎን ሥር ያለው ጣፊያ ሲያብጥና ክብደት ሲቀንስ የደም ካንሰር ጥርጣሬ ቦታ ያገኛል። ያኔም ቢሆን በአረጋውያን ላይ ከሚታዩት ዓይነቶች አንዳንዶቹ በዝግታ የሚሄዱ፣ በክኒን ለዓመታት የሚገቱ ናቸው። ነጭ ሕዋስ ሲያንስ ከሚደረጉት ምርመራዎች አንዱ የኤች አይ ቪ ነው። «እናቴን በዚህ ዕድሜ?» ብሎ መቆጣት ልማድ ነው፤ ቫይረሱ ግን ዕድሜ አይጠይቅም፣ ሕክምናውም አለ።

የሐይቁና የቆላው ጥያቄ

ፕሌትሌት ከ150,000 ሲያንስ መጀመሪያ ቁጥሩ እውነት መሆኑ ይጣራ። ደሙ በናሙና ብልቃጡ ውስጥ ሲጓጉል መሣሪያው አሳንሶ ይቆጥራል፤ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ስሕተቱ ይታረማል። እውነት ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ስለ ኑሮ ይጠይቃል። ሐዋሳ የወባ ሥጋት ባለበት የስምጥ ሸለቆ ክልል ውስጥ ናት፤ ወባ ፕሌትሌትንም ሄሞግሎቢንንም ይቀንሳል፤ ትኩሳቱም ኮሮናን ይመስላል። በሐዋሳ ሐይቅ ላይ በዓሣ ማስገር የኖሩ አባት በቢልሃርዚያ ተይዘው ጣፊያቸውና ጉበታቸው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በመተማና በሁመራ ወይም በደቡብ የሰገን ሸለቆ ቆላ የሠሩ ከሆነ ካላዛር ይታሰባል። ሦስቱም የደም ሕዋሳት በአንድነት ሲቀንሱ ጉዳዩ ቀጠሮ የሚጠብቅ አይደለም፤ የአጥንት መቅኔ ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል።

ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ

በእረፍት ላይ ሳሉ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ደም ማስመለስ፣ ሬንጅ የመሰለ ሰገራ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ የማይቆም ደም ወይም ከ7 በታች የወረደ ሄሞግሎቢን ካለ ወረርሽኝ ምክንያት ሆኖ አያዘግይዎ። የኮሮና ምልክት ካለ በ8335 ወይም በ952 ደውለው ይጠይቁ። ሌላው በቀጠሮ ሊከናወን ይችላል፦ ወላጅና አንድ ረዳት ብቻ፣ ሁለቱም ጭንብል አድርገው፣ ተራ የሚጠብቁት በመስኮት አጠገብ ወይም በግቢው ዛፍ ሥር። የቀድሞ ውጤቶችንና በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጨምረው፣ በአንድ ፌስታል ይያዙ። የአምናው ወረቀት ብዙ ጊዜ ከዘንድሮው ይበልጥ ይናገራል፤ ሄሞግሎቢን በሦስት ዓመት ቀስ ብሎ መውረዱና በአንድ ወር መውደቁ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 96 ቢያሳይ ደም ማነስ የለም ማለት አይደለም። መሣሪያው የሚናገረው ያለው ሄሞግሎቢን በኦክስጅን መሞላቱን እንጂ መብቃቱን አይደለም። በእንሶስላ የቀላ ጥፍርም ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል ያልተቀባ ጣት ይምረጡ።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። እናቲቱ ለጉልበታቸው ለሰባት ወር ዳይክሎፌናክ ሲወስዱ እንደነበር በሁለተኛው ቀጠሮ ተናገሩ። ማስታገሻው ተቋረጠ፣ ኢንዶስኮፒ የጨጓራ ቁስለት አሳየ፣ ሕክምናና የብረት ክኒን ተጀመረ። ክኒኑ የሚቀመጠው ከልጅ ልጆች እጅ ርቆ በቁም ሣጥን አናት ላይ ነው፤ ለሕፃን ጥቂት ፍሬ የብረት ክኒን ገዳይ ሊሆን ይችላል። ከአራት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢናቸው 9.7 ደረሰ። ሐኪማቸው ግን ቁስለቱን ማግኘታቸው አላረካቸውም፤ በዚህ ዕድሜ ሁለት ምንጭ በአንድ ጊዜ ሊኖር ስለሚችል የአንጀት ምርመራም አዘዙ። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላ ክኒኑ ሦስት ወር ያህል እንደሚቀጥል፣ የጉልበቱ ሕመም በፓራሲታሞልና በእንቅስቃሴ እንደሚያዝ ለልጃቸው ተነግሮታል፤ የቀጠሮ ወረቀቱም ከቀድሞ ውጤቶች ጋር በአንድ ፌስታል ተቀምጧል።