ነጭ ክር የማይታይበት ሽፋን፦ የብሊድና የመቁረጫ ምልክት አሠራር

መጽሐፉን በራሱ ወጪ የሚያሳትም ደራሲ የሽፋኑን ፋይል ይዞ ማተሚያ ቤት ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ብሊድ አለው?" ተብሎ ነው። ብዙዎች ለመልስ የሚያሳዩት በፋይሉ አራት ማዕዘኖች ላይ የተሰመሩትን ቀጫጭን መስመሮች ነው። መስመሮቹ ብቻቸውን ምንም አይፈይዱም። ቢላው የት ማረፍ እንዳለበት ያመለክታሉ እንጂ ቢላው ትንሽ ሲስት ከሥሩ ምን እንደሚገኝ አይወስኑም። ያንን የሚወስነው ከመስመሩ አልፎ የተዘረጋው ሥዕል ነው፤ ብሊድ የሚባለውም እሱ ነው።

ሽፋን በልኩ በተቆረጠ ወረቀት ላይ አይታተምም። በሰፊ ወረቀት ላይ ታትሞ ከተደራረበ በኋላ ነው መቁረጫ ማሽን ውስጥ የሚገባው። ቢላው ሲጫነው ክምሩ በትንሹ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ የላይኛውና የታችኛው ወረቀት አንድ ቦታ ላይ ላይቆረጡ ይችላሉ። የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ በሙያው የተለመደ ነው። ጥቁር ሽፋን ላይ ግን ያቺው 1 ሚሊ ሜትር ነጭ ክር ሆና ከሩቅ ትታያለች። በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ሥዕል የሚጠየቀው ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚያሳትሙ ደግሞ 0.125 ኢንች ይጠየቃሉ፤ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም።

ለምሳሌ ባለ 200 ገጽ፣ በኤ5 መጠን የተዘጋጀና በሙጫ የሚጠረዝ መጽሐፍ እንውሰድ።

ሥራው የሚጀምረው በልክ ነው። ኤ5 ወርዱ 148፣ ቁመቱ 210 ሚሊ ሜትር ነው። 200 ገጽ ማለት 100 ቅጠል ነው፤ የ80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር ስፓይኑ፣ ማለትም መደርደሪያ ላይ የሚታየው የመጽሐፉ ወገብ፣ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በግምት ግን አይጨርሱት። ግራሙ አንድ ሆኖ ውፍረቱ የሚለያይ ወረቀት ስላለ፣ የሚታተምበትን ወረቀት ከማተሚያ ቤቱ ጠይቀው ያረጋግጡ። የጀርባ ሽፋን 148፣ ስፓይን 10፣ የፊት ሽፋን 148 ሲደመር 306 በ210 ይመጣል። ከብሊዱ ጋር 312 በ216 ይሆናል።

ኢንዲዛይን የተባለውን የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ሲከፍቱ የገጹን ልክ 306 በ210 አድርገው ይሙሉ፤ "ፌሲንግ ፔጅስ" የሚለውን ያጥፉ። ከዚያ "ብሊድ ኤንድ ስለግ" የሚለውን ዘርግተው በአራቱም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ያስገቡ። የገጹን ልክ 312 በ216 ብለው ሞልተው ብሊድም ቢጨምሩ ትርፉ ሁለት ጊዜ ይቆጠርና የመቁረጫ ምልክቱ ያለቦታው ይወጣል። ቀጥሎ ከግራ 148 እና 158 ላይ መሪ መስመር ይጎትቱ፤ ስፓይኑ በሁለቱ መካከል ነው፤ የፊት ሽፋኑ በስተቀኝ ይውላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሥዕሉ እንምጣ። የፊት ሽፋኑን የሚሞላ ፎቶ የሚሸፍነው 148 በ210 ሳይሆን 151 በ216 ነው፤ ከላይ፣ ከታችና ከቀኝ ይተርፋልና። በ300 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል) ሲሰላ ቢያንስ 1784 በ2552 ፒክስል ይጠይቃል። ፎቶው በቴሌግራም የሚላክልዎት ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክልዎት፤ አለዚያ ተጨምቆ ይደርስዎታል። ፎቶውን ሲያስገቡ ፍሬሙን እስከ ቀዩ የብሊድ መስመር ድረስ ይጎትቱት።

ፎቶው ልክ ገጹ ጠርዝ ላይ ቢያልቅስ? ወርዱንና ቁመቱን በእኩል መጠን ትንሽ ያሳድጉት፤ ጠርዙ ላይ የሚጠፋው ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። በአንድ ወገን ብቻ መሳብ ግን የሰው ፊት ያዛባል። ሰማይ፣ ግድግዳ ወይም ሣር ከሆነ ፎቶሾፕ ውስጥ ዳርቻውን ማራዘም ይቻላል። ጠርዙ ላይ እጅ ወይም ፊት ካለ ግን ማራዘሙን ትተው ሌላ ፎቶ ይፈልጉ፤ በእኔ እምነት ጊዜም ገንዘብም የሚያድነው ይኸኛው ነው። ብሊድ ፎቶ ሲመረጥ የሚታሰብ ነገር እንጂ ፋይሉ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ አይደለም።

ወደ ውስጥም ጥንቃቄ ያሻል። የመጽሐፉ ርዕስና የደራሲው ስም ከመቁረጫው መስመር ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይግቡ። የስፓይኑ ጽሑፍም ከሁለቱ እጥፋቶች 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። የሐረግ ጌጥ ጠርዙን ተከትሎ ዙሪያውን እንዲዞር የሚወዱ ዲዛይነሮች ብዙ ናቸው፤ የሰርግ ጥሪና የምስክር ወረቀት ላይ ሳይቀር። ቢላው በ1 ሚሊ ሜትር ሲስት ሐረጉ በአንድ በኩል ቀጥኖ፣ በሌላው ሰፍቶ ይታያል። ሐረጉን ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያርቁት፣ ወይም ከጠርዙ አልፎ እንዲወጣ ያድርጉት።

ወደ ፒዲኤፍ ሲያወጡ "ማርክስ ኤንድ ብሊድስ" በሚለው ገጽ "ክሮፕ ማርክስ"ን እና "ዩዝ ዶክመንት ብሊድ ሴቲንግስ"ን ምልክት ያድርጉባቸው። ከሁለቱ የሚረሳው ሁለተኛው ነው፤ ከተረሳ ምልክቱ ይወጣል፣ ብሊዱ ግን ይቀራል። ምልክቱ ከገጹ ጠርዝ የሚርቅበትን ልክ፣ "ኦፍሴት" የሚለውን፣ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ፕሮግራሙ አስቀድሞ የሞላው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ መስመሩ ብሊዱ ውስጥ ይገባል፤ ቢላው ሲስት ጥቁሩ ጭረት ሽፋኑ ላይ ሊቀር ይችላል። ምልክቱን በእጅ የሚሠሩ ከሆነ በተራ ጥቁር ሳይሆን "ሬጂስትሬሽን" በሚባለው ቀለም ያስምሩ፤ በአራቱም የቀለም ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ላይ የሚወጣው እሱ ነው። አንዳንድ ማተሚያ ቤቶች ምልክቱን ራሳቸው ስለሚጨምሩ ብሊዱን ብቻ ይፈልጋሉ፤ አስቀድመው ይጠይቁ።

በካንቫ የሚሠራ ሰው ከፋይል ምናሌው የህትመት ብሊድ እንዲታይ ያደርጋል፤ ሲያወርድም "ፒዲኤፍ ፕሪንት"ን መርጦ "ክሮፕ ማርክስ ኤንድ ብሊድ" ላይ ምልክት ያደርጋል። ዎርድ ብሊድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለሽፋን አይመከርም።

ከመላክዎ በፊት ፒዲኤፉን በኤ3 ወረቀት በ100 ፐርሰንት ያትሙት። "ፊት" የሚለው ከተመረጠ ልኩ ስለሚቀየር ሙከራው ዋጋ የለውም። በማስመሪያና በካተር መስመሮቹን ተከትለው ይቁረጡ፣ ስፓይኑን ያጥፉ፣ 100 ቅጠል ባዶ ወረቀት አልብሰው ይዩት። በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ርዕስ ካለም ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ መካተቱን ያረጋግጡ፤ አለዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ነገር ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ፋይሉን ሲያስረክቡ የተቆረጠው ልክ 306 በ210፣ ብሊዱ 3፣ ስፓይኑ 10 ሚሊ ሜትር መሆኑን በጽሑፍ ያያይዙ። ለማረጋገጫ የሚሰጥዎትን ናሙናም በማስመሪያ ሳይለኩ አይፈርሙበት፤ ፕሌት ከወጣ በኋላ የሚደረግ ማስተካከያ ወጪው የእርስዎ ነው።