ጠመንጃ ደጋግሞ ሲከሽፍ

መቱና ጎሬ ዝናም የሚበዛባቸው አገሮች ስለ ሆኑ በዚያ ያለ የአደን ጠመንጃ ከእርጥበት አያመልጥም። ደጋግሞ ሲከሽፍ ባለቤቱ ጥይቱን ይረግማል፤ ፍርዱ ግን በቀለሁ ግርጌ ላይ ይነበባል። አስቀድሞ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅንቶ ግማሽ ደቂቃ መቈየት ይገባል፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለና። ከዚያ አውጥቶ በካፕሱሉ ላይ የመርፌውን ምት መመልከት ነው። ምቱ ጥልቅ ቢሆን እርጥበት የገባበት ጥይት ይጠረጠራል። ስስ ቢሆን ሞላው ደክሟል፥ ወይም የረጋ ቅባት መርፌውን ይዞታል። ምት ከቶ ባይገኝ መርፌው ተሰብሮ፥ ወይም መዝጊያው ሳይገጥም ቀርቶ እንደ ሆነ ይመረመራል። ሽማግሌዎች የሚያውቁት ውጅግራ መዝጊያው በእጅ ይገፋል፤ ራሱን የሚያጐርሰው ጠመንጃ ግን በሞላ ኃይል ብቻ ስለሚዘጋ ጥቂት እድፍ ያግደዋል። ቅባት በማብዛት የሚያድኑት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ጥይቱን ሁሉ አውጥቶ መርፌውንና መዝጊያውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ግን ይሻላል።